ጠጪውን አይተን ለቃሚውን ስንረሳ

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቬትናም ሠርቶ ተመለሰና ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም። ከቦርሳው ውስጥ አንዲት ክዳን ያላት፣ ቂጧ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ትንሽ የብረት ዕቃ አወጣ። ቀጥሎ ጥቁር እስኪሆን የተቆላ አንድ ፓኬት ቡና። በመጨረሻም አንድ ቆርቆሮ ወተት፤ ያውም ከስኳር ጋር ተንተክትኮ እንደ ማር የወፈረ።

የብረቷ ዕቃ “ፊን” ትባላለች። ብርጭቆ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ቡናው ይጨመርባታል፤ የፈላ ውሃ ይፈስባታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ጠብ... ጠብ... ጠብ። ባለቤቴ ጀበናዋን እንደያዘች ትንሽ ታዘበችና “እሱ አንዱን ብርጭቆ እስኪሞላ እኔ በረካ እደርሳለሁ” አለች። ሲደርስ ደግሞ ከወፍራሙ ወተት ጋር ተማሰለና በረዶ ተጨመረበት። እሷ ቀመሰችና “ይሄ ከረሜላ ነው እንጂ ቡና ነው?” ስትል እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ የዋህ ሳቅ አልነበረም። ከቬትናም ቡና ጋር የቆየ ቂም ነበረኝ። ቂሙን ኋላ እነግራችኋለሁ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሳይጎኑ ነው” አለ ተማሪዬ። “የሃኖዩን ቢቀምሱ ሌላ ነው። የሁዌው ደግሞ ሌላ።” ከዚያ ጨዋታው ደራ።

እሱ እንዳለው ቬትናሞች ራሳቸው፣ ከነሱም የሰሙት ጎብኚዎች፣ ስለ ቡናቸው ሲያወሩ አገሪቱን እንደ ዳቦ ይቆርሷታል። የሃኖይ ሰው ቡናውን የሚጠጣው በትንሹ፣ መራራውን፣ ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ቁጥብ ነው፣ አሳቢ ነው፣ ባህል ጠባቂ ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ርቆ የሚኖረው የሳይጎን ሰው በረጅም ብርጭቆ፣ በበረዶና በጣፋጭ ወተት ነው የሚጠጣው፤ ስለዚህ ግልጽ ነው፣ ለጋስ ነው፣ ችኩል ነው፣ ነጋዴ ነው። መሐል ላይ ያለችው የቀድሞዋ የነገሥታት መናገሻ የሁዌ ሰው ደግሞ ቡናው ላይ ጨው ጣል ያደርጋል፤ ስለዚህ ረቂቅ ነው።

“ስለዚህ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የዛሬው ሙግቴ ከሷ ጋር ነው።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህቺን ቃል በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪፕቶ እንዳሰመርኩባት! “ገጣሚው የተወለደው ደጋ ስለሆነ ግጥሙ ቀዝቃዛ ነው” ብሎ የጻፈልኝ ተማሪ ነበር። “ቆላ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ይሞቅ ነበር ወይ?” ብዬ ከጎኑ ጻፍኩበት። ግጥሙ ቀዝቃዛ መሆኑን አልካድኩም። ያልተዋጠልኝ ከአየሩ በቀጥታ ወደ ቃሉ መዝለሉ ነው። በመሐል ገጣሚው የኖረው ኑሮ፣ ያነበበው መጽሐፍ፣ የደረሰበት ነገር የት ገባ? ሲኒም እንደ ግጥም ነው። ጣዕሙን ለማንበብ የደረሰበትን መጠየቅ ያስፈልጋል። እስቲ እንጠይቅ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከሃኖይ እንጀምር። ሰሜን ቬትናም ከጥንትም የሻይ አገር ነው። ቡናን ይዘው የመጡት በ1857 የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው፤ መጀመሪያ የተተከለውም በሰሜን ነው። ክረምቱ ብርድና ካፊያ ያለበት በመሆኑ ትኩስ ነገር ቢወደድ አይገርምም። እስከዚህ ድረስ አየሩ ድርሻ አለው፤ ልንነፍገው አይገባም።

ነገር ግን የሃኖይ ኩራት የሆነውን የእንቁላል ቡና ተመልከቱ። አስኳሉ ከጣፋጭ ነገር ጋር ተመትቶ እንደ ክሬም ሲኮፈስ ከትኩስ ቡና አናት ላይ ይደረጋል፤ እንዳይቀዘቅዝም ሲኒው ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ይቀርባል። የሰማ ሁሉ “የሰሜን ሰው ረቀቅ ያለ ጣዕም አለው” ይላል። ታሪኩ ግን ወዲህ ነው። በ1946 ንጉየን ቫን ዛንግ የሚባል፣ ሜትሮፖል በተባለው የፈረንሳዮች ሆቴል መጠጥ ቀጂ የነበረ ሰው፣ ወተት ከከተማው ቢጠፋበት በወተቱ ምትክ አስኳል መታ። አለቀ። በዚያው ዓመት የከፈተው ቡና ቤት እስከ ዛሬ በልጆቹ እጅ አለ። እንግዲህ ዛሬ “የሃኖይ መንፈስ” የምንለው ነገር አንድ ብልህ ሠራተኛ በጦርነት ዋዜማ ለወተት እጦት የፈጠረው መላ ነው። እኔ ይህ ያሳንሰዋል አልልም፤ እንዲያውም ያተልቀዋል። ግን መንፈስና እጦት አንድ አይደሉም።

ስለ ሃኖይ ቡና ቤት ዝምታም ብዙ ይባላል። ሰው ትንሽ ሲኒ ይዞ፣ ትንሽ ወንበር ላይ ጉብ ብሎ፣ መንገዱን እያየ ሰዓታት ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፈላስፋ ነው። እኔ ግን አንድ ስም ልጥራ፤ ቡዊ ሹዋን ፋይ። የሃኖይን አሮጌ ጎዳናዎች በመሳል የታወቀ፣ አገሩ ዛሬ የሚኮራበት ሠዓሊ ነው። በ1956 ደራሲያንና ሠዓሊዎች ለጥበብ ነጻነት የጠየቁባቸው መጽሔቶች ከተዘጉ በኋላ ከነሱ ጋር ስሙ የተነሣው ይህ ሰው በ1957 ከሥነ ጥበብ መምህርነቱ ለቀቀ። የመጀመሪያውን የግል ትርዒቱን ለማሳየት እስከ 1984 መጠበቅ ነበረበት። በነዚያ ዓመታት እሱና ጓደኞቹ የሚቀመጡት ላም በሚባል ሰው ቡና ቤት ውስጥ ነበር። ገንዘብ ሲያጡ በሥዕል ይከፍሉ ነበር። ባለ ቡና ቤቱ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው፤ ቤቱም ሳያስበው ሙዚየም ሆነ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ማስተማሪያ ክፍሉን ያጣ፣ ሥዕሉን የሚያሳይበት ቦታ የሌለው፣ ለቡናው የሚከፍለው የቸገረው ሰው ሲኒውን ይዞ ለረጅም ሰዓት ዝም ቢል፣ ዝምታው ፍልስፍና ነው ወይስ ሌላ? ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። ሁለተኛውን ሳይጠይቁ “የሰሜን ሰው ዝምተኛ ነው” ማለት ግን የሰውየውን መከራ ወስዶ ጠባይ ማድረግ ነው። እኔም ከክፍል ወጥቼ ቡና ቤት የከረምኩበት ዘመን ስላለ ይህቺ ነገር ትቆጠቁጠኛለች።

ወደ ሳይጎን እንውረድ። ከ1976 ጀምሮ ስሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ ነው፤ ነዋሪዋ ግን በአፉ ዛሬም ሳይጎን ይላታል። እዚያ ክረምት ዝናብ እንጂ ብርድ የለም። በረዶው የሙቀቱ ልጅ ነው፤ ይሁን። ወተቱስ? ወተቱ የቆርቆሮ የሆነው ሰው ጣፋጭ ጠባይ ስላለው አይደለም። በዚያ ሙቀት ትኩስ ወተት አይውልም አያድርም፤ የላም ወተት ባህልም አልነበረም፤ ፈረንሳዮች ያስገቡት ቆርቆሮ ግን አይበላሽም። ከዚያም በላይ ቬትናም ከምታመርተው ቡና ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ ሮቡስታ ነው። ሮቡስታ እንደኛው አረቢካ ለስላሳ አይደለም፤ መራራ ነው፤ ጉልበተኛ ነው። ያንን ምሬት የሚችለው ወፍራም ጣፋጭ ነው። ባለቤቴ ከረሜላ ያለችው ነገር መራራ ፍሬና ሙቀት ተስማምተው የፈረሙት ውል ነው ማለት ነው።

ቃላቱን ደግሞ ስሙልኝ፤ የቋንቋ ሰው ነኝና አልፌ መሄድ አልችልም። ወተት የገባበትን ቡና ሃኖይ ውስጥ “ናኡ” ይሉታል፤ በቀለሙ ነው የሰየሙት። እኛ ቀለሙን “ቡናማ” ብለን በቡናው ሰየምን፤ እነሱ ቡናውን በቀለሙ ሰየሙ። ሳይጎን ውስጥ ግን ስሙ “ካ ፌ ሱአ” ነው፤ የቡና ወተት እንደማለት ያለ፣ ቀጥተኛ ስም። ወተቱ በዝቶ ቡናው የሚያንስበት ሌላ መጠጥ ደግሞ አላቸው፤ “ባክ ሲዩ” ይባላል። ቃሉ የመጣው ከካንቶን ቻይናውያን ነው። ቾሎን በሚባለው የሳይጎን ሰፈር የሰፈሩት ቻይናውያን ቡናን በጨርቅ ከረጢት አጥልለው፣ በሸክላ ማሰሮ ሙቀቱን ጠብቀው ይሸጡ ነበር። በዚህ መልክ የሚያፈሉ ዛሬም አሉ።

ታዲያ “የሳይጎን ቡና” ስንል የማን ቡና ማለታችን ነው? የቻይናው? የፈረንሳዩ ቆርቆሮ? በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ የጎረፈው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብስ የት ሊቆጠር ነው? ያ ሕዝብ ምላሱን ሃኖይ ጥሎት አልመጣም። ሳይጎን “ደቡብ” የሆነችው ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ስለገባባት ነው።

ሁዌ ላይ ግን እኔው ራሴ ተያዝኩ። ተማሪዬ ስለ ጨው ቡና ሲነግረኝ የጥንት ነገሥታት ማዕድ ታየኝ። ለካስ ነገርየው ባልና ሚስት ሁዌ ውስጥ በ2010 በከፈቱት ትንሽ ቡና ቤት የተጀመረ ነው! ጨው የነካው የወተት ክሬም ከቡናው ጋር ሲገናኝ ምሬቱን ያለዝበዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሪቱን ሁሉ አዳረሰ፤ አሁን “የማዕከላዊው ቬትናም ቅርስ” ተብሎ ይተረካል። ከእኔ የመጨረሻ ልጅ ያነሰ ቅርስ!

“ቡና በጨው?” ብሎ የሚስቅ አንባቢ ካለ ደግሞ አያቱን ይጠይቅ። የኔ አያት ስኳርን የምታውቀው ለእንግዳ ነበር። ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው፤ ቅቤ ጣል የምታደርግበትም ቀን ነበር። እሷን ግን “ረቂቅ” ያላት ሰው አልነበረም፤ “የገጠር ሰው” ነበር የሚሏት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ልዩነቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሃኖይ ሃኖይ ናት፣ ሳይጎንም ሳይጎን። ከእጦት የተወለደ ጣዕም ሦስት ትውልድ ከተጠጣ በኋላ ጣዕም ብቻ ነው፤ የሚወደው ሰው በእውነት ይወደዋል፤ ሲሰደድ ይናፍቀዋል። ሰው በሲኒው ቢኮራ ማንም ሊቀማው አይገባም። የኔ ቅሬታ ሲኒው ላይ አይደለም፤ አተራረኩ ላይ ነው። “እንዲህ ሆነብን፣ እንዲህ መላ መታን” የሚለው ታሪክ “እኛ እንዲህ ነን” ወደሚል መፈክር ሲለወጥ የሆነ ሰው ከታሪኩ ይወጣል።

መፈክሩ ደግሞ ይሸጣል። በ2007 ሃኖይ ውስጥ የተጀመረ፣ “ኮንግ” የሚባል የቡና ቤት ሰንሰለት አለ። ግድግዳው በወታደር አረንጓዴ የተቀባ ነው፤ ሲኒው የቆርቆሮ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ያን የራሽን ዘመን እንዲያስታውስ ሆኖ የተደረደረ ነው። ራሽን ስላችሁ ቀበሌና የኅብረት ሱቅ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። እስከ 1986ቱ “ዶይ ሞይ” የተባለ ማሻሻያ ድረስ ቬትናሞችም ሩዝና ስኳር በኩፖን ይሰለፉ ነበር፤ ቡናውም ከተቆላ በቆሎና አኩሪ አተር ጋር ይቀላቀል ነበር። ያን ያልኖረው ወጣት ዛሬ በቆርቆሮ ሲኒ የኮኮናት ቡና ይጠጣል። አልፈርድበትም፤ ቡናው ይጣፍጣል አሉ። ግን ሰልፉ ጌጥ ሲሆን፣ የተሰለፉት እናቶች ድካም የት ይሄዳል?

እንግዲህ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ሰሜን፣ ማዕከል፣ ደቡብ ተባለ። ሦስት ሲኒ ተቆጠረ። ግን እናንተዬ፣ ቡናው የት ነው የሚበቅለው? ሃኖይ አይበቅልም። ሳይጎንም አይበቅልም። የሚበቅለው አብዛኛው ማዕከላዊ ኮረብታዎች በሚባለው ቀይ አፈር ላይ፣ በተለይ ዳክ ላክ በሚባለው አውራጃ ነው። የቡናው መዲና ቡኦን ማ ቱኦት ትባላለች። “ቡኦን” በኤዴ ሕዝብ ቋንቋ መንደር ማለት ነው፤ የከተማዋ ስም “የቱኦት አባት መንደር” እንደማለት ነው። ስሙን የሰጡት ኤዴዎች ናቸው፤ ረጃጅም ቤት የሚሠሩ፣ ዘርን በእናት የሚቆጥሩ፣ ርስትን ለሴት ልጅ የሚያወርሱ ሕዝብ። በሲኒው ትረካ ውስጥ ግን የሉም።

የቡናቸው ታሪክ ከኛ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዓለም የቡና ዋጋ ሲሰቀል ምሥራቅ ጀርመን ቸገራት፤ በ1977 ለሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቡና የሆነ ቅልቅል አቀረበች፤ ሕዝቡም አጉረመረመ። በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር ተዋዋለች፤ መሣሪያ ትሰጣለች፣ ቡና ትወስዳለች። ብዙም ሳይቆይ ግን የኛ መንግሥት ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ፈለገ። ጀርመኖቹ ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዞሩ። በ1980 ስምምነት ፈረሙ፤ መኪናውን፣ መሣሪያውንና ባለሙያውን ሊልኩ፣ በምላሹ ለሃያ ዓመት የምርቱን ግማሽ ሊወስዱ። ቦታው ዳክ ላክ ነበር። ቡና ግን በፊርማ አይደርስም። ሁነኛው ምርት ሲደርስ 1990 ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዓመት ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር ከካርታ ጠፋች። ቡናው ቀረ።

ሠራተኛውም ቀረ። ከ1975 በኋላ መንግሥት ከቆላውና ከሰሜን ብዙ ሕዝብ ወደ ኮረብታዎቹ አሰፈረ፤ ሌላውም በራሱ ተከተለ። ኤዴዎችና ጎረቤቶቻቸው በገዛ አገራቸው ቁጥራቸው አነስተኛው ሆነ፤ መሬታቸውም ከእጃቸው ወጣ። በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ ስምምነት ሲፈርስ ገበያው ልጓሙን በጠሰ። በ1990ዎቹ ቬትናም ተከለች፣ ተከለች፤ በ2000 ገደማ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ብቅ አለች። በ2001 የዓለም ዋጋ ለአሥርት ዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ ተምዘገዘገ።

ቂሜ እዚህ ላይ ነው። ሐረርጌ የሚኖረው አጎቴ በዚያ ሰሞን ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ቡናው የአባቱ ነበር። በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ እንደ ሐዘንተኛ ነበር። እኔም በየቡና ቤቱ “ቬትናም ገደለችን” እያልኩ ዞርኩ። ጋዜጣ ያነበብኩ፣ የተማርኩ ሰው ነኝና ጥፋተኛውን አውቄዋለሁ ብዬ አመንኩ። ለካስ እኔም ፈተና ላይ የማሰምርባትን ቃል እየተጠቀምኩ ነበር፤ እነሱ ብዙ ተከሉ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የነሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና “ጋሼ፣ በዚያ ዓመት ዳክ ላክም እኮ የሞላለት አልነበረም” አለኝ። እውነቱን ነው። ተበድሮ የተከለው ገበሬ ዋጋው ሲወድቅ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ቡናውን የነቀለም ነበር። በየካቲት 2001 የኮረብታዎቹ ነባር ሕዝቦች ስለ መሬታቸውና ስለ እምነታቸው ቡኦን ማ ቱኦትና ፕሌይኩ አደባባይ ወጡ፤ መንግሥት በኃይል በተነው፤ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ካምቦዲያ ሸሹ። አጎቴ ቡናውን ሲነቅል፣ ሁለቱንም በማያውቃቸው ገበያ የተመታ ሌላ ገበሬ ባሕር ማዶ የራሱን እየነቀለ ነበር። አንዱ ሌላውን ጠላት አድርጎ እንዲያይ ያደረግነው እኛ ነን፤ ሲኒ ይዘን የተቀመጥነው።

እኛ ቢያንስ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣለን፤ እነሱ አብዛኛውን ይልካሉ። በ2024 የሮቡስታ ዋጋ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ሲሰቀል ተራው የነሱ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቬትናም ቡና ደስ አለኝ። ግን ዋጋ ወጣም ወረደም፣ ቡናውን በሰሜንና በደቡብ ጠባይ የሚተርከው ወሬ ለቃሚውን ዛሬም አልጠራውም።

ደግሞ ጣታችንን ወደ ሩቅ ብቻ አንቀስር። እኛስ “የሐረር ጣዕም፣ የይርጋ ጨፌ ጣዕም” እያልን ፓኬት ላይ ስናትም፣ ከጣዕሙ ጋር የለቃሚዋን የቀን ገቢ አብረን እናውቃለን? አላውቅም የምል ከሆነ የኔም ትረካ ከነሱ አይሻልም።

ፊኗ አሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ አይደለችም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ ጀበናዋን ስትጥድ እኔ ፊኔን እጥዳለሁ። እሷ አሁንም “ከረሜላህ ደረሰ?” ትለኛለች። ወተቱን ትቼ ጥቁሩን መጠጣት ጀምሬያለሁ፤ ይመራል። ጠብ እስኪል ስጠብቅ ግን የሃኖይን መንፈስም የሳይጎንን ልግስናም አላስብም። አፈሩን አስባለሁ፤ ቀዩን አፈር። አጎቴንም አስባለሁ። እሱ ጫቱን እየሸጠ ቡናውን አሁን ከገበያ ገዝቶ ነው የሚጠጣው።

ቸር ይግጠመን።